መንገደኛ ቢመርጥ፦ ከሮም እስከ ኖርድካፕ



«መምህር፣ ከአውሮፓ አገሮች ሁሉ ለጉብኝት የሚመረጠው የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ከየክፍሉ ይቀርብልኛል። አብዛኞቻችሁ ስለ አውሮፓ የምትሰሙት ከዘመድ ስልክና በባሕር ስለሚሻገሩ ሰዎች ከሚወራው ወሬ ነው። ስለዚህም አህጉሩ ወይ የሚያስገባ ወይ የሚመልስ አንድ ትልቅ በር ብቻ ይመስላችኋል። መንገደኛ ግን አውሮፓን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። መንገደኛ ማለት ሄዶ፣ አይቶ፣ ጠይቆ የሚመለስ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሦስት አገሮችን በባቡር እናቋርጣለን፤ በመጨረሻም እንዲህ ያለው መንገደኛ በኪሱ ምን ዓይነት ወረቀት እንደሚይዝና ያ ወረቀት ለስደተኛ ልጅ ይሰጥ እንደሆነ እናያለን። እኔም ብሆን አገሮቹን የማውቃቸው በመጽሐፍና በካርታ ነው፤ ስለዚህ አብረን እንሂድ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሰው ብዛት ከሄድን መልሱ ፈረንሳይ ነው። በ2024 ብቻ 100 ሚሊዮን ያህል የውጭ እንግዳ ገብቶባታል፤ ይህም ከራሷ ሕዝብ ይበልጣል። በ1889 የተሠራውን የኤፌል ግንብ በሥዕል ያላየ ከእናንተ መካከል ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ብዙ ሰው የሚሄድበትን ትቼ፣ አማርኛ ተናጋሪ ሰው ሲደርስ የሚያውቀው ነገር ከሚያገኝበት አገር እጀምራለሁ። ይኸውም ኢጣሊያ ነው።

በሮም የሚሄድ ሰው የሱቅ ማስታወቂያዎችን እያነበበ ሲያልፍ ቃላቱን ቀድሞ የሚያውቃቸው ይመስለዋል። መርካቶ፣ ፒያሳ፣ ማኪያቶ፣ ፓስታ፣ ጎማ፣ ፋብሪካ፣ ባንዲራ፤ እነዚህ ሁሉ ከዚያ የመጡ ቃላት ናቸው። ብዙዎቹ የመጡት በመልካም ጊዜ አይደለም። የፋሺስት ጦር በ1935 አገራችንን ወርሮ እስከ 1941 የፈጸመው ግፍ በታሪክ ትምህርታችሁ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ሐበሻ ሮምን ያወቃት ከወረራው አራት መቶ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ቀድሞ ነው። በቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጳጳሱ ሲክስቶስ አራተኛ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ እንዲሆን ሰጥተውት ነበር። እነዚያ መነኮሳት ወደ ኢየሩሳሌም ከዚያም ወደ ሮም በእግርና በመርከብ የሄዱ መንገደኞች ነበሩ።

አሁን የምታነቡትን ፊደል ተመልከቱት። ይህ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መሣሪያ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1513 በዚያው በሮም ከተማ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ኢትዮጵያውያኑ መዝሙረ ዳዊት ሲያዜሙ ሰምቶ ቋንቋቸውን ከእነርሱ ተማረና ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። የቋንቋውን ስም ግን «ከለዳዊ» ብሎ ጻፈው! ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1548 እና በ1549፣ ተስፋ ጽዮን የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አዲስ ኪዳንን በግዕዝ እዚያው አሳተመ። ፊደላችን በማተሚያ ቤት የገባው አገሩ ላይ ሳይሆን በእንግድነት ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወጥታችሁ ወደ ኮሎሲየም ብትሄዱ፣ ከ1,900 ዓመት በፊት የተሠራ፣ 50,000 ያህል ሰው የሚይዝ የድንጋይ ስታዲየም ታያላችሁ። ሰው ሁሉ እዚያ ፎቶግራፍ ይነሳል። እኔ ግን ከዚያ ጥቂት ወረድ ብሎ ወዳለው ቦታ ብትሄዱ እመርጣለሁ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና ሕንጻ ፊት ለፊት ነው። የሙሶሊኒ መንግሥት በ1937 ከአክሱም የወሰደውን ሐውልት ያቆመው በዚህ ስፍራ ነበር። ሐውልቱ 24 ሜትር ያህል ቁመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው ነው። ኢጣሊያ የዘረፈችውን እንድትመልስ በ1947 ውል ብትገባም ሐውልቱ እስከ 2005 ሳይመለስ ቆየ። በዚያ ዓመት ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አክሱም ተወሰደ፤ በ2008ም በቀድሞ ስፍራው ቆመ።

ሐውልቱ ገና ሮም ሳለ፣ በ1960 የኦሊምፒክ ማራቶን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በአጠገቡ አለፈ። ሩጫው ያለቀው በምሽት ነበር፤ መንገዱን ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። እስከዚያ ድረስ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ይሮጥ የነበረው አበበ፣ ሐውልቱ ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ። ከዚያ በኋላ የቀረው ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ስለነበር ተከታዩ ሊደርስበት አልቻለም። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። ቀኑ ሴፕቴምበር 10 ነበር፤ በእኛ ጳጉሜ 5፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ።

ፖምፔይ አለች፤ በ79 ዓመተ ምሕረት በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረች ከተማ፣ የዳቦ ቤት ምድጃዋና የከሰለ ዳቦዋ ሳይቀር የተገኘባት። ቬኒስም አለች፤ እንግዳ ስለበዛባት ከ2024 ጀምሮ በተወሰኑ ቀናት ለአንድ ቀን ከሚመጣ ጎብኚ የመግቢያ ገንዘብ ታስከፍላለች። እኛ ግን ባቡር እንዳያመልጠን ወደ ሰሜን እንሂድ።

ከሮም ሚላኖ በፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ከሚላኖ ሲወጣ የአልፕስ ተራሮች መንገዱን ይዘጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስዊዘርላንድ ናት። በ2016 የተከፈተው የጎትሃርድ ታችኛው ዋሻ 57 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በአንዳንድ ቦታ ከጣራው በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ዓለት ተጭኖታል፤ ሲቆፈርም የዓለቱ ሙቀት 45 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ባቡሩ ግን በ20 ደቂቃ ያህል ያልፈዋል። የማይቸኩል መንገደኛ በ1882 በተከፈተው በላይኛው መስመር ቢሄድ ይሻለዋል። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል፣ መሐንዲሶቹ ሐዲዱን በተራራው ሆድ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ አዙረውታል። ስለዚህ ቫሰን በተባለች መንደር ያለችውን ነጭ ቤተ ክርስቲያን ተሳፋሪው ሦስት ጊዜ ያያታል፤ አንድ ጊዜ ከታች፣ አንድ ጊዜ ትይዩ፣ አንድ ጊዜ ከላይ። አንዲቷ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ያልሰማ ሰው ሦስት መንደር ያለፈ ይመስለዋል።

ከዋሻው በደቡብ በኩል ሕዝቡ ጣልያንኛ ይናገራል፤ በሰሜን በኩል ጀርመንኛ ነው፤ ወደ ምዕራብ ፈረንሳይኛ፣ በምሥራቅ ሸለቆዎች ደግሞ ሮማንሽ የሚባል ጥቂት ሰው የሚናገረው ቋንቋ አለ። አገሪቱ ግን አንድ ናት። በእኛ የውኃ ቦኖ ሰልፍ ላይ ከዚህ የበለጠ ቋንቋ ይሰማል፤ ስለዚህ ይህ እናንተን ብዙ ላያስደንቅ ይችላል። የሚያስደንቀው ሰዓታቸው ነው። ከ1982 ጀምሮ ባቡሮቻቸው በየሰዓቱ በአንድ ዓይነት ደቂቃ እንዲነሱ ተደርጓል። ከልዩ ልዩ አቅጣጫ የሚመጡት በአንድ ጣቢያ ላይ ተቀራርበው ይደርሳሉ፤ ተሳፋሪው ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ ሲወጣ ሁሉም ይበተናሉ። ዋጋው ግን ውድ ነው።

በስዊዘርላንድ ምዕራብ ጫፍ፣ በሐይቅ ዳር፣ ጄኔቫ አለች። ቀይ መስቀል በ1863 የተመሠረተው እዚያ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስደተኛ ንጉሥ ሆነው በጁን 30 ቀን 1936 ለመንግሥታት ማኅበር በአማርኛ የተናገሩት እዚያ ነው፤ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያውኳቸው ቢሞክሩም እስኪወጡ ጠብቀው ንግግራቸውን ፈጸሙ። በየቤታችን ሸራ ላይ ፊደሎቹ የተጻፉት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ነው። ጄኔቫን ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ከስዊዘርላንድ ጀርመንንና ዴንማርክን አልፎ ወደ ስዊድን የሚሻገረው ባቡር ከ2000 ጀምሮ ባሕሩን በከፊል በድልድይ፣ በከፊል በባሕር ሥር ዋሻ ያልፋል። ቀጥሎ ኖርዌይ ናት። ከሦስቱ ለእኔ የምትበልጠው እርሷ ናት። በጥንት ዘመን በረዶ ተራሮቿን እንደ ማረሻ ፈልፍሎ ባሕሩ ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርጓል፤ ይህን ፊዮርድ ይሉታል። ሶኝ የሚባለው ፊዮርድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ መሬቱ ይገባል፤ ጥልቀቱም 1,300 ሜትር ይደርሳል።

በሰሜን ጫፍ ኖርድካፕ የሚባል ገደል አለ፤ በ71ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ላይ። እዚያ በእኛ ወር ከግንቦት የመጀመሪያው ሳምንት እስከ ሐምሌ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ፀሐይ አትጠልቅም። በክረምታቸው ደግሞ ሁለት ወር ያህል አትወጣም። ምክንያቱ የመሬት ዛቢያ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘመመ መሆኑ ነው። መሬት ፀሐይን ስትዞር ለግማሽ ዓመት ሰሜኑን ወደ ፀሐይ፣ ለግማሽ ዓመት ደግሞ ከፀሐይ ታዘነብላለች። ብርቱካን በእንጨት ወግታችሁ፣ ትንሽ አዘንብላችሁ በሻማ ዙሪያ ብታዞሩት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀንና ሌሊታችን ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ተነስተን በ12 ሰዓት የምንቆጥረውም ለዚህ ይመቻል። ይህን አቆጣጠር ኖርድካፕ ላይ የያዘ ሰው ግን ሰዓቱን ከየት ይጀምራል? በዚያ አገር የሚኖሩ ሙስሊሞችም ረመዳን በበጋ ሲውል ማፍጠሪያ ፀሐይ ስለሌላቸው አንዳንዶቹ በመካ ሰዓት ይጾማሉ።

በኦስሎ ከተማ «ፍራም» የተባለች መርከብ በሙዚየም ቆማ ትታያለች። ፍሪትዮፍ ናንሰን የተባለው ኖርዌያዊ በ1893 ይህችን መርከብ ሆን ብሎ በሰሜን ዋልታ ባሕር በረዶ ውስጥ አስያዛት። ሌሎች መርከቦችን በረዶው ይሰባብራቸው ነበር፤ እርሱ ግን ታችዋን ክብ አድርጎ ስላሠራት በረዶው ሲጨምቃት ወደ ላይ ትነሳ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በደህና ወጣች። ይህን ሰው ያነሳሁት ግን ስለ መርከቡ ብቻ አይደለም።

ከሩስያ አብዮት በኋላ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሩስያዊ በየአገሩ ተበትኖ ነበር። ብዙዎቹ መንግሥታቸው ዜግነታቸውን ስለሰረዘ ፓስፖርት አልነበራቸውም፤ ሥራ ቢያገኙም ድንበር መሻገር አይችሉም። የመንግሥታት ማኅበር ናንሰንን በ1921 የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር አድርጎ ሾመው። በ1922 በጄኔቫ መንግሥታትን ሰብስቦ፣ ዜግነት ለሌለው ሰው የሚሰጥ የጉዞ ወረቀት እንዲቀበሉ አስማማቸው። ወረቀቱም «የናንሰን ፓስፖርት» ተባለ። በኋላ ለአርመኖችና ለሌሎችም ተሰጠ፤ ዝነኛው የሙዚቃ ደራሲ ስትራቪንስኪም በዚሁ ወረቀት ተጉዟል።

የዚያ ወረቀት ልጅ ዛሬም አለ። በጁላይ 28 ቀን 1951 በጄኔቫ የወጣው የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 28 እንደሚለው፣ ስምምነቱን የፈረመ መንግሥት በግዛቱ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር ስደተኛ የጉዞ ሰነድ ይሰጣል፤ የሚከለክለው ብርቱ የጸጥታ ምክንያት ሲኖር ነው። ሰነዱ እንደ ፓስፖርት ደብተር ነው፤ በሽፋኑ ላይ ከላይ በግራ በኩል ባሉት ሁለት ሰያፍ መስመሮች ይታወቃል። የሚሰጠው የምትኖሩበት አገር መንግሥት ነው። ማንም ደላላ ሊሰጠው አይችልም። ወደ ተሰደዳችሁበት አገር ለመመለስ አያገለግልም፤ ወደ ሌላ አገር ለመሄድና ወደምትኖሩበት ለመመለስ ግን ያገለግላል። ይህች «ለመመለስ» የምትለዋ ቃል ትልቅ ናት፤ ሰነዱ የመመለስ መብት ስላለው ነው ኤምባሲዎች የሚያዩት።

ሰነዱ ብቻውን በር አይከፍትም፤ ቪዛም ያስፈልጋል። ያየናቸው ሦስት አገሮች በሙሉ የሸንገን ስምምነት አባሎች ናቸው፤ ኖርዌይና ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባይሆኑም በዚህ ውስጥ አሉ። ስምምነቱ በ1985 ሸንገን በምትባል የሉክሰምበርግ መንደር፣ በወንዝ ላይ በቆመች መርከብ ውስጥ ተፈረመ፤ በ2025 አባሎቹ 29 ደርሰዋል። ቪዛው አንድ ሆኖ ከሮም እስከ ኖርድካፕ ያስኬዳል፤ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት ግን አይቻልም። አመልካቹ ብዙ ጊዜ ለሚቆይበት አገር ኤምባሲ ያመለክታል፤ የገንዘብ ማስረጃ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን፣ የሚመለስ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃም ይጠየቃል። ይህ ለካምፕ ሰው ከባድ መሆኑን አልደብቃችሁም፤ ብዙ ሰው ይከለከላል። የተከለከለ ሰው ግን ምክንያቱን በጽሑፍ የማግኘትና ይግባኝ የመጠየቅ መብት አለው።

የማመልከቻው ዋጋ ከ2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው። ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ከሚሄዱ ተማሪዎችና አብረዋቸው ከሚሄዱ መምህራን ግን ይህ ገንዘብ አይጠየቅም።