በረዶ ሲሸሽ በባሕር ወለል የሚተወው ዱካ

እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ላይ፣ በአንታርክቲካ ባሕረ ገብ መሬት ዳርቻ ላርሰን ቢ የተባለው ተንሳፋፊ በረዶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰባብሮ ባሕሩ ላይ ተበተነ። የፈረሰው 3,250 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሳተላይቶች አፈራረሱን ደረጃ በደረጃ አንስተውታል። ወዲያው የተነሣውን ጥያቄ ግን ሊመልሱ አልቻሉም፦ ይህ በየጥቂት መቶ ዓመቱ የሚደጋገም ነገር ነው ወይስ ከዚህ በፊት ያልታየ? ሳተላይት በረዶን መከታተል ከጀመረ ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢሆነው ነው። መልሱ የተገኘው በረዶው ሸፍኖት ከኖረው የባሕር ወለል በወጣ ጭቃ ውስጥ ነው። በ2005 በታተመ ጥናት መሠረት ላርሰን ቢ ቢያንስ 10,000 ዓመት ሳይፈርስ ኖሯል።

ጭቃ ይህን እንዴት ሊነግረን ይችላል?

የበረዶ ንጣፍ የሚባለው አገር የሚያክል መሬት የሸፈነ፣ ውፍረቱ በኪሎ ሜትር የሚለካ በረዶ ነው። ሲያዩት ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል፤ በገዛ ክብደቱ ግን ቀስ እያለ ወደ ባሕር ይፈስሳል። ሲፈስስ ሥሩ ያለውን አለት እንደ ወፍጮ እየፈጨ ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ዱቄት የመሰለውን አፈር አደባልቆ ይጎትታል። ባሕር ውስጥ ከገባ በኋላም እስከ አንድ ቦታ ድረስ ወለሉን ረግጦ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ውሃው ያነሣውና ይንሳፈፋል። ተመራማሪዎች የሚከታተሉት መርገጡ አብቅቶ መንሳፈፉ የሚጀምርበትን ይህን መስመር ነው። መስመሩ ወደ መሬት በገፋ ቁጥር በረዶው አፈገፈገ ይባላል።

መስመሩ አንድን ቦታ አልፎ ሲሄድ እዚያ ወለል ላይ የሚረግፈው ነገር ይለወጣል። ይህን ለማየት ከመርከብ ላይ ከባድ ክብደት የታሰረበት ረጅም ቧንቧ በገመድ ይወርዳል፤ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ የአፈር ዓምድ ይዞ ይወጣል። ዓምዱ ለሁለት ሲሰነጠቅ በሞሶብ እንደተደራረበ እንጀራ ነው፤ ቀድሞ የተጋገረው ከታች፣ የዛሬው ከላይ። ከታች ድንጋይ የተቀላቀለበት ጠጣር አፈር ይገኛል፤ ያ በረዶው ረግጦት የነበረ ዘመን ነው። ከእርሱ በላይ ብዙ ጊዜ ጠጠርና አሸዋ ያለበት ስስ ንብርብር ይከተላል፤ በረዶው ከወለሉ ሲላቀቅ ከሥሩ የረገፈ ነው። ከሁሉ በላይ ለስላሳ ጭቃ አለ፣ ዲያቶም የሚባሉ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ሕዋሳት ቅሪት የሞላበት። ዲያቶም ያለ ፀሐይ ብርሃን አያድግም፤ በብዛት ከተገኘ በረዶው ተገፍፎ ብርሃን ውሃው ውስጥ ይገባ ነበር ማለት ነው። በላርሰን ቢ ሥር የተፈለገው እንዲህ ዓይነቱ የክፍት ባሕር ምስክር ነበር፤ በእነዚያ 10,000 ዓመታት ንብርብር ውስጥ አልተገኘም።

ቅደም ተከተሉን ካወቁ በኋላ ዓመቱን ማወቅ ይቀራል፤ አድካሚው ሥራም እሱ ነው። ዛጎል ከተገኘ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ በሚቀንሰው ራዲዮካርቦን ዕድሜው ይሰላል። በአንታርክቲካ ግን ዛጎል ብርቅ ነው። በዚያ ላይ የአካባቢው ባሕር ከጥልቅ የወጣ አሮጌ ካርቦን ስላለበት፣ ዛሬ በሕይወት ያለ እንስሳ እንኳ ቢለካ ከ1,000 ዓመት በላይ የኖረ ይመስላል፤ ይህ ስሕተት ተሰልቶ መቀነስ አለበት። ላለፉት 100 ዓመታት ወይም ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ደግሞ በ22 ዓመት ገደማ ግማሹ የሚጠፋው እርሳስ 210 የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያገለግላል።

አንዳንዴ ምስክሩ አንድ ድንጋይ ነው። ከየብስ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በለስላሳ ጭቃ መካከል ጠጠር ቢገኝ ማን አመጣው? ከመሬት ተገንጥሎ እየተንሳፈፈ የሄደና እየቀለጠ ሸክሙን ያራገፈ የበረዶ ቋጥኝ ነው። ጀርመናዊው ሀርትሙት ሃይንሪሽ በ1988 በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ወለል ላይ እንዲህ ያለ ድንጋይ ተደጋግሞ የተከመረባቸውን ንብርብሮች ገለጸ፤ አብዛኛው የመጣው ካናዳን ሸፍኖ ከነበረው የበረዶ ንጣፍ ነው። ድንጋዩ ከረገፈባቸው ከእነዚህ ክስተቶች አንዱ በደረሰበት ዘመን፣ ከ16,000 ዓመት በፊት ገደማ፣ የእኛው ጣና ደርቆ እንደነበር ከሐይቁ ወለል የወጣ ደለል ያሳያል። ብዙ ተመራማሪዎች ሁለቱን ያያይዟቸዋል፤ የሰሜን አትላንቲክ መቀዝቀዝ ዝናባችንን አዳክሞት ነበር ይላሉ።

እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የወለሉ መልክ ነው። በ2019 ራን የተባለች የስዊድን ሰው አልባ ሰርጓጅ በምዕራብ አንታርክቲካ ትዌይትስ ከተባለው ግዙፍ የበረዶ ግግር ፊት ለፊት፣ 700 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ እየተመላለሰች ወለሉን በድምፅ ሞገድ ለካች። ምስሉ ሲወጣ የታረሰ ማሳ ይመስል ነበር፤ ቁመታቸው ከ1 ሜትር የማይሞላ ከ160 በላይ ጉብታዎች እንደ ትልም ተሰልፈዋል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የባሕር ውሃ በየዕለቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ውሃው ሲነሣ በረዶው ከወለሉ ብድግ ይላል፤ ሲወርድ ተመልሶ ጭቃውን ይጫንና አንድ ጉብታ ይተዋል። በማግስቱ ትንሽ ወደ ኋላ ያርፋል፤ ሌላ ጉብታ። እንግዲህ አንዱ ትልም የአንድ ቀን መዝገብ ነው። ተቆጥረው ሲታዩ፣ በረዶው ቀደም ባለ አንድ ወቅት ለአምስት ወር ተኩል ያህል በዓመት ከ2 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት አፈግፍጎ ነበር። ሳተላይቶች በ2010ዎቹ እዚያው ፈጥኖ በሸሸው ክፍል ላይ ከለኩት እጥፍ ያህል ነው። ከኖርዌይ ዳርቻ ባሕር ሥር የተገኙት ከ7,600 በላይ ጉብታዎች ደግሞ ይህንንም ያስንቃሉ። በ2023 በታተመው ጥናት መሠረት በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ በረዶው ወለሉ ሜዳ በሆነበት ቦታ በቀን ከ55 እስከ 610 ሜትር ሸሽቷል። እንዲህ የሮጠው ለቀናት ወይም ለወራት ብቻ ነው፤ ቢሆንም በዘመናችን በዓይናችን ያየነው ፍጥነት የመጨረሻው ጣሪያ አለመሆኑን ማወቅ አለብን።

ትዌይትስ የአሁኑን ሽሽቱን መቼ ጀመረ ለሚለውም መልስ የሰጠው ጭቃው ነው። በ2024 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ጅማሬው በ1940ዎቹ ነው፤ ጎረቤቱ ፓይን አይላንድም በዚያው ጊዜ መላቀቅ እንደጀመረ ቀደም ሲል በረዶውን ሰርስሮ ከሥሩ በወጣ ደለል ታውቋል። ሁለቱ አብረው መነቃነቃቸው መንስኤው የጋራ መሆኑን ያመለክታል፤ ተመራማሪዎቹ የሚጠረጥሩት ከ1939 እስከ 1942 የቆየውን ብርቱ ኤል ኒኞ ነው። እኛ በድርቅ የምናውቀው ኤል ኒኞ በዚያ በኩል ሞቃት ውሃ ወደ በረዶው ሥር እንዲገፋ ያደርጋል። ያ ኤል ኒኞ ካበቃ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። ትዌይትስ ግን ወደ ቀድሞ ቦታው አልተመለሰም፤ ዛሬም እያፈገፈገ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የዓለምን ባሕር በ65 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚያደርግ ውሃ ይዟል።