ስለ ስንፈተ ወሲብ መድኃኒት አወሳሰድ

በናይሮቢ ከተማ፥ ኢስትሊ በተባለው ታላቅ የንግድ ሰፈር፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ሁሉን ነገር ከሱቅ መግዛት ለለመደ ነጋዴ የስንፈተ ወሲብ መድኃኒትም እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ቪያግራ የተባለው ክኒን በመጀመሪያ የተጠናው ለልብ ሕመም ሲሆን፥ በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው በሐኪም ትእዛዝ እንዲሰጥ ነው። የደም ሥርን የሚያሰፋ ስለሆነ፥ ለደረት ውጋት ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ቢደርበው የደሙ ግፊት በድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። በ24 ሰዓት ውስጥም ከአንድ ጊዜ በላይ አይወሰድም። ስለዚህ ክኒኑን የሚሻ ሁሉ፥ አፍሮ ከሱቅ ከመሸመት ይልቅ፥ የልብ ሕመሙንና የሚወስደውን መድኃኒት አንድ ሳያስቀር ለሐኪሙ ይንገር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ተብሏልና።