ቀይዋ ትጥላለች፤ የምትታቀፈው ግን የሐበሻዋ ናት

በሐይቅና በአምባሰል አርሶ አደር ጓሮ ዶሮ የጨውና የደብተር መግዣ ናት። ቀይ ላባ ያላትና ቡናማ እንቁላል የምትጥለው የአሜሪካ ዝርያ፣ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ወደ አገራችን ከገባች ከ60 ዓመት በላይ ሆኗታል። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል፣ ቀይዋ በጥሩ አያያዝ ከ200 በላይ ትጥላለች።

ቀይዋ ግን እምብዛም አትታቀፍም። ለእንቁላል ብዛት ስትመረጥ የመታቀፍ ጠባይዋ ተዳክሟል። የሐበሻ ዶሮዎቹን ሁሉ ሸጦ ቀይ ብቻ ያስቀረ ቤተሰብ፣ ዶሮዎቹ ሲያረጁ እንደገና ጫጩት ጠባቂ ይሆናል። ሁለት ሦስት የሐበሻ እናቶችን ያቆየ ግን ከቀይ አውራ ጋር የዋለችውን ዶሮ እንቁላል ያሳቅፋቸዋል፤ በ21 ቀን ይፈለፈላል። የቀይዋ ዝርያ ንጹሕ ስለሆነ ጫጩቶቿ እንደ እናታቸው ይጥላሉ። ቦቫንስ ብራውንን የመሳሰሉ ድቅል ዶሮዎች ቢያሳቅፏቸው ጫጩቶቹ እንደ እናታቸው አይጥሉም።

ስንት ጫጩት ተከፋፈለ ብሎ ሪፖርት ማድረግ ቀላል ነው፤ ከዓመት በኋላ ስንቱ እንዳለ መቁጠር ግን ይቀራል። ፈንግል ከገባ ቀይም ሐበሻም አይለይም። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ሙቀት የሚቋቋመው ዓይነት በዓይን ይንጠባጠባል። ከበልግ ዝናብ በፊት ቀበሌ እንዲደርስ ማድረግ የወረዳው ድርሻ ነው።