የደቦ ወጥ ከየት መጣ?

ደቦ ማለት ብዙ ሰው ተጠራርቶ የአንዱን ሰው ሥራ በአንድ ቀን የሚሠራበት ልማድ ነው። ባለሥራው ይጠራል፤ ጎረቤት ይመጣል። የሠራተኛው ዋጋ ገንዘብ አይደለም፤ እንጀራ፣ ወጥና ጠላ ነው። ወንፈል ግን ሌላ ነው። በወንፈል ዛሬ የሠራህልኝን ነገ እኔም ሄጄ እሠራልሃለሁ። ይህንን እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ዛሬ የምናነበው ስለ ወጡ ነው።

ደባርቅና ዳባት ደጋ ናቸው። ገብስና ባቄላ ይስማማቸዋል። ስለዚህ የደቦው ወጥ አብዛኛውን ጊዜ የባቄላ ሽሮ ወይም ክክ ነው። ሥጋ የማይሆነው ስለ ድህነት ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። እስቲ ሥራ የሚበዛባቸውን ወራት እንቁጠር። በሰኔ ሲዘራ የሐዋርያት ጾም አለ። በነሐሴ ሲታረም ፍልሰታ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሲታጨድና ሲወቃ የነቢያት ጾም አለ። ሥራውና ጾሙ ስለተገጣጠሙ የጾም ወጥ የደቦ ወጥ ሆነ።

ባቄላው ይቆላል፣ ይከካል፣ ከበርበሬና ከቅመም ጋር ይፈጫል። በርበሬው ግን የደጋ ተክል አይደለም። ከቆላና ከወይና ደጋ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ይመጣ ነበር። ጨውም ከአፋር በረሃ አሞሌ ሆኖ ይመጣ ነበር። የሊማሊሞ ዳገት ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚያወርድ የጥንት የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው። የመኪናውን መንገድ ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሠሩት።

የበርበሬ የመጀመሪያ አገሩ ደግሞ አሜሪካ ነው። ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ውቅያኖሱን ከተሻገረ በኋላ ነው ወደ ሌላው ዓለም የተዳረሰው። ከዚያ በፊት የነበሩት አያቶቻችን ወጣቸውን የሚያጣፍጡት እንደ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ጥምዝ ባሉ ቅመሞች ነበር። ታዲያ አንድ ድስት ወጥ ስንት አገር ዞሮ ነው የሚጣደው!

ይህ ወጥ ግን ችግርም አለበት። በአንድ መንደር ሳለን ባል የሞተባቸው አንዲት እናት ገብሳቸው ደርሶ ሳይታጨድ ቆየ። «እማማ፣ ለምን ደቦ አይጠሩም?» አልናቸው። «ልጆቼ፣ ምን አብልቼ?» አሉን። እኛ ይህን አላሰብነውም ነበር። ደቦ የሚረዳው ጉልበት የሌለውን ይመስለን ነበር። ለካ ጉልበትም እህልም የሌለው ሰው ደቦ መጥራት አይችልም! ገብሱ ሜዳ ላይ ሊረግፍ ነው።

ነገሩን ለጎረቤት ሴቶች አወራን። ምንም አልመለሱልንም። በማግሥቱ ግን አንዷ እፍኝ ሽሮ፣ አንዷ ሽንኩርት፣ አንዷ ጥቂት ዘይት፣ ሌላዋ እንጀራ በሞሰብ ይዘው መጡ። ያ ሁሉ ሽሮ አንድ ድስት ውስጥ ገባ። ወንዶቹ ማጭድ ይዘው ወረዱ። እኛ ማጨድ ስለማንችል ውኃ ቀዳን፤ ነዶም ተሸከምን። ሳይመሽ ገብሱ ታጭዶ ተከመረ። እማማ ግን ወጡን እያወጡ፣ «ይኼ እኮ የኔ አይደለም፣ የናንተው ነው» ይሉ ነበር።

ደቦ ከየት መጣ ቢባል፣ ከዚህ ነው የመጣው። አንድ ሰው ብቻውን የማይጨርሰው ሥራ አለ። ብቻውን የማይሞላው ድስትም አለ። ለሥራው እንደምንጠራራ ለድስቱም ብንጠራራ የማንም እህል ሜዳ ላይ አይቀርም።

እንወያይ፦
1. በመንደራችሁ ደቦ መጥራት ያቃተው ሰው አለ? ለምን አቃተው?
2. የደቦው ድግስ እንዳይከብድ ምን ማድረግ ይቻላል?
3. በቤታችሁ ወጥ ውስጥ ከሚገባው የትኛው ከራሳችሁ ማሳ፣ የትኛው ከገበያ ይመጣል? ጻፉት።