«አቦ» የሚለው ቃል በመካኒሳና በልዩ ልዩ ቋንቋዎች

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ መካኒሳ አቦ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ ከሁለት ቃላት አይበልጥም፤ ነገር ግን ቃላቱን በየሥርወ ቃላቸው ለሚመረምር ሰው የብዙ ሕዝብና የብዙ ዘመን ታሪክ ይዘው ይገኛሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሁለቱ አጭር የሆነውን «አቦ»ን መነሻ በማድረግ አንድ ድምፅ በብዙ ቋንቋዎች ውስጥ ስንት ዐይነት ፍች እንደሚይዝ፣ ከድምፅ መመሳሰልም ተነሥተን ምን ለማለት እንደምንችልና ምን ለማለት እንደማንችል ማሳየት ነው። ጉዳዩ የመዝገበ ቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የቦታ ስም የባለቤትነት ማስረጃ ሆኖ በሚጠቀስበት አገር ጆሮ ብቻውን ዳኛ ሆኖ ከተቀመጠ ፍርዱ ሰውን ይጎዳል።

አስቀድሞ ስለ መጀመሪያው ቃል ጥቂት እንበል። መካኒሳ በኦሮምኛ የዛፍ ስም ነው፤ በአማርኛ ብሳና የምንለው ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች እንደየአገሩ «መከኒሳ» ወይም «በከኒሳ» ይሉታል። የክፍለ ከተማው መጠሪያ የሆነው ላፍቶም እንደዚሁ በኦሮምኛ የግራር ስም ነው። እንግዲህ በዚህ አካባቢ ሰፈርን በዛፍ መጥራት የተለመደ እንደ ነበረ ሁለቱ ስሞች እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ። በዚሁ በመካኒሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ይገኛል። በ«መካነ ኢየሱስ» ውስጥ ያለው «መካን» ግን ቦታ ማለት የሆነ የግእዝ ቃል ነው። ሁለቱ ስሞች በአንድ ሰፈር ጎን ለጎን ቆመው በድምፅ ቢቀራረቡም በሥር አይገናኙም። የሰፈሩን ስም ከግእዙ «መካን» ለማውጣት የሚሞክር ሰው ቢኖር «ኒሳ» የሚለውን ትራፊ ሊፈታው አይችልም።

ወደ «አቦ» እንመለስ። በሰፈሩ ስም ውስጥ ያለው አቦ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። ምእመናን ጻድቁን አቦ ወይም አቡዬ እያሉ በፍቅር ይጠሯቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያናቸውንም በዚሁ ስም ያውቁታል። ወርኀዊ በዓላቸው በየወሩ በ5 ቀን ሲሆን ታላላቆቹ ክብረ በዓላት ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ናቸው። በሥዕል ሰውነታቸው በጠጕር ተሸፍኖ፣ አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸው ይታያሉ። በበዓላቸው ቀን ወደ ዝቋላ ተራራ የሚወጣው ሕዝብ አማርኛም ኦሮምኛም ይናገራል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪውም ጻድቁን የሚጠራቸው አቦ ብሎ ነው። ስለዚህ መካኒሳ አቦ የሚለው ስም አንዱ ክፍሉ ኦሮምኛ፣ ሌላው ክፍሉ የአንድ ወገን ብቻ ያልሆነ ቃል ነው።

የቃሉ ሥር በግእዝ «አብ» ነው። «አቡነ» ማለት አባታችን ማለት ሲሆን የጳጳሳትና የታላላቅ መነኮሳት ማዕርግ ሆኗል። በትግርኛ «ኣቦ» እስከ ዛሬ ድረስ ተራው የአባት መጠሪያ ነው፤ አያትን «ኣቦሓጎ»፣ ሊቀ መንበርን «ኣቦ መንበር»፣ የንስሐ አባትንም «ኣቦ ነፍሲ» ይሉታል። በአማርኛ ግን አባትን በተራ ንግግር አቦ የሚል የለም፤ ትግርኛ ለወላጅ የሚያውለውን ቃል አማርኛ ለጻድቁ አስቀርቶታል። ዐረብኛ «አቡ» ይላል፤ ሰውንም በበኵር ልጁ ስም «የእገሌ አባት» ብሎ በክብር ለመጥራት ያገለግላል። የአራማይስጡ «አባ» በግሪክና በላቲን በኩል አልፎ በአውሮፓ ቋንቋዎች የገዳም አለቃ መጠሪያ ሆኗል፤ እኛ አበ ምኔት የምንለው ማዕርግ መሆኑ ነው።

በኩሻውያን ቋንቋዎችም ቃሉ ሰፊ ነው። በኦሮምኛ «አባ» አባት ብቻ ሳይሆን ባለቤትም ማለት ነው፤ አባ ገዳ የገዳ ሥርዐት መሪ፣ አባ ለፋ ባለ መሬት፣ አባ መና ባለ ቤት ወይም ባል ነው። ይህ የ«ባለ» ፍች በፈረስ ስሞችም ውስጥ ይታያል፤ የጅማው አባ ጅፋር፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቀዳማዊ ዐፄ ኀይለ ሥላሴም አባ ጠቅል ተብለዋል። በእነዚህ ሁሉ «አባ» ወላጅነትን ሳይሆን ጌትነትን ያመለክታል። በሶማልኛ «ኣቦ» አባት ነው፤ ነገር ግን አባትም ልጁን መልሶ «ኣቦ» እያለ ይጠራዋል፤ እናትም ልጇን እንዲሁ «ሆዮ»፣ ማለት እናት፣ ትለዋለች። ከዚህ የምንረዳው ቃሉ የአንድን ሰው ማንነት ብቻ ሳይሆን በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን ዝምድና የሚሰይም መሆኑን ነው። በሐረር፣ በድሬዳዋና ዛሬ በአዲስ አበባ ጭምር እኩያ ለእኩያው «ተው አቦ»፣ «ይመችህ አቦ» ሲል የምንሰማውም የአባትነት ፍቹ የደበዘዘ፣ መቀራረብ ብቻ የቀረበት አጠራር ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፤ ሴማውያንና ኩሻውያን ቋንቋዎች በዚህ ቃል መገናኘታቸው የአንድ ጥንታዊ ቤተሰብ ምልክት ነውን? ሁለቱም አፍሮ እስያዊ በሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ መሆናቸው በሌላ ብዙ ማስረጃ የተረጋገጠ ነው፤ ይህ ቃል ብቻውን ግን ደካማ ምስክር ነው። ሮማን ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጆርጅ ፒተር መርዶክ ከብዙ የዓለም ቋንቋዎች የሰበሰባቸውን 1072 የእናትና የአባት መጠሪያዎች መሠረት አድርጎ፣ ሕፃን አፉን ሲፈታ በቅድሚያ የሚያወጣቸው የከንፈር ድምፆችና «አ» መሆናቸውን፣ ወላጆችም እነዚህን ድምፆች ለራሳቸው መጠሪያ እንደሚያደርጓቸው አስረድቷል። ቱርክኛና ስዋሂሊ ዘመዳሞች ሳይሆኑ ሁለቱም አባትን «ባባ» ይላሉ። በጆርጂያ ቋንቋ ደግሞ «ማማ» አባት ነው። በሲዳምኛ አባት «አና» ሲባል በቱርክኛ «አኔ» እናት ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ቃላት በሚመሳሰሉበት ጊዜ ከዝምድና አስቀድሞ የሕፃኑን አፍ ማሰብ ይገባል።

ድንገተኛ መመሳሰልም አለ። በናይጄሪያ በዮሩባ ቋንቋ «አቦ» እንስት ማለት ነው፤ የእኛ አባት በዚያ ሴት ሆነ ማለት ነው። በዚያው ቋንቋ የድምፁ ከፍታና የአናባቢው ዐይነት ሲለወጥ ግማሽ፣ ጥበቃ፣ መመለስ የሚሉ ሌሎች ቃላት ይገኛሉ፤ በፊደላችን ስንጽፋቸው ሁሉም «አቦ» ስለሚሆኑ ልዩነታቸው ይጠፋል። በጋና በአካን ቋንቋ አንዳንድ ዘዬዎች «አቦ» ድንጋዮች ማለት ነው፤ የመጀመሪያው «አ» የብዙ ቍጥር ምልክት ሲሆን የቃሉ ሥር «ቦ» ብቻ ነው። በፊሊፒንስ በታጋሎግ ቋንቋ «አቦ» አመድ ነው። በአውስትራሊያ እንግሊዝኛ ደግሞ «ከመጀመሪያ» ከሚል የላቲን ሐረግ የተገኘው የነባር ሕዝቦች መጠሪያ አጥሮ «አቦ» ሲባል የንቀት ስድብ ሆኗል። በዝቋላ የሚከበር ድምፅ በሌላ ክፍለ ዓለም ሰውን ያዋርዳል፤ ክብሩም ውርደቱም በድምፁ ውስጥ ሳይሆን በተናጋሪዎቹ ታሪክ ውስጥ ነው።

በአማርኛ ውስጥ እንኳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቡና «አቦል» መባሉ ከጻድቁ ስም ጋር አይገናኝም፤ መጀመሪያ ማለት ከሆነው ከዐረብኛው «አወል» እንደ መጣ ይታመናል። እንግዲህ ሁለት ቃላት ተመሳስለው ስናገኝ በየተራ አራት ነገሮችን ልንጠይቅ ይገባል። ከአንድ ወላጅ ቋንቋ የተወረሱ ናቸውን? አንዱ ከሌላው ተውሶት ነውን? ከሕፃናት ንግግር በየአገሩ ለየብቻ የተገኙ ናቸውን? ወይስ እንዲያው በአጋጣሚ ተገናኙ? መልሱ የሚገኘው ቃሉን ወደ ክፍሎቹ በመተንተን፣ የድምፅ ለውጥ ሕግን በመከተልና ተናጋሪዎቹ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚያውሉት በመጠየቅ ነው።

አማርኛ ሳይመረመር በዕድል የሚሠራን ሥራ «በአቦ ሰጡኝ» የተሠራ ይለዋል። የቦታን ስም በአቦ ሰጡኝ መፍታት ለምሁር ነውር፣ ለጎረቤታሞች ደግሞ የጠብ መነሻ ነው። በአንድ ሰፈር ስም ውስጥ የኦሮምኛው ዛፍና የጻድቁ ስም አንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነዋሪውም ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ ሰፈሩን ለአንድ ወገን ለመስጠት የሚፈልግ ሰው፣ መካኒሳ አቦ ከሚለው ስም እኩሌታውን ሳያነብ ትቶታል።