በወረርሽኝ ወቅት ደም መለገስ፦ ስጋቱ ከመርፌው ነው ወይስ ከአየሩ?

በ2013 ዓ.ም. ለወራት ተቋርጦ የነበረው ትምህርት እንደገና በተጀመረበት ሰሞን በግቢያችን ውስጥ የደም ልገሳ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ስለ ፈሳሾች ፍሰት አስተምሬ ስወጣ አንዲት ተማሪ በር ላይ ጠብቃ፣ «ዶክተር፣ ኮሮና ባለበት ጊዜ ደም መስጠት አያሰጋም?» ስትል ጠየቀችኝ። የማውቀውን ያህል አስረዳኋት። በትዕግሥት ካዳመጠችኝ በኋላ ግን፣ «እርስዎስ ሰጥተዋል?» አለችኝ። አልሰጠሁም ነበር። በየዕለቱ ድንኳኑን እያለፍኩ ወደ ቢሮዬ እሄድ ነበር። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ተማሪ በወቅቱ በሚገባ ያልመለስኩላት መልስ ነው።

ወረርሽኝ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የተጠራው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድም ከዚያ ዘመን ትዝታ ጋር የተያያዘ ነው። የኮቪድ-19 ሕመም በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታው ምክንያት ያወጀውን ዓለም አቀፍ የአደጋ ጊዜ ያነሣው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ያ ጊዜ ቢያልፍም ሌላ ወረርሽኝ አይመጣም ብሎ ማለት አይቻልም። ስለዚህ የተማሪዋ ጥያቄ ዛሬም ጥያቄ ነው።

ደም ለክፉ ቀን አይከማችም

እህል በጎተራ ይቀመጣል፤ ደም ግን እንዲህ አይደለም። ቀይ የደም ሕዋሳት ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቅዝቃዜ ተይዘው እንደ መጠበቂያው ኬሚካል ዓይነት ከ35 እስከ 42 ቀን ብቻ ይቆያሉ። ደምን ለማርጋት የሚያገለግሉት ፕሌትሌቶች ደግሞ እንደ ተለመደው አሠራር ዕድሜያቸው 5 ቀን ነው። ከዚህም የተነሳ የደም ባንክ ከታች ቀዳዳ እንዳለው የውኃ በርሜል ነው ማለት ይቻላል። የሚገባው ሲቀንስ የሚወጣው ካልቀነሰ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባዶ ይሆናል።

የሚወጣውስ ይቀንሳልን? ወረርሽኝ መጣ ተብሎ እናቶች መውለድ አያቆሙም። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ በዓለም ላይ ለእናቶች ሞት ከሚዳርጉት ምክንያቶች በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀስ ነው። በከባድ ወባ ምክንያት ደማቸው ያነሰ ሕፃናት፣ በመኪና አደጋ የተጎዱ፣ የካንሰር ሕክምና የሚከታተሉ ሁሉ ደም ይፈልጋሉ። በአንጻሩ በአገራችን ከበጎ ፈቃደኛ ለጋሾች መካከል ትልቁን ድርሻ የያዙት ተማሪዎች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ ዋነኛው የደም ምንጭም አብሮ ተዘጋ። የለጋሽ መፍራት በዚህ ላይ ሲታከል ጉዳቱ የሚያርፈው ስማቸውን በማናውቃቸው ሕሙማን ላይ ነው።

ቫይረሱ በደም ይተላለፋልን?

በዚህ ረገድ ሁለት ወረርሽኞችን ማነጻጸር ይጠቅማል። ኤች አይ ቪ በደም ውስጥ በብዛት የሚገኝ ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የደም መመርመሪያው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በተለያዩ አገሮች ብዙ ሰዎች ደም በመውሰዳቸው ምክንያት ተይዘዋል። ዛሬ የሚለገስ ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ የሚመረመረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የኮቪድ-19 ቫይረስ ግን ዋነኛ መንገዱ የመተንፈሻ አካል ነው። የቫይረሱ የዘር ቅንጣት በአንዳንድ ሕሙማን ደም ውስጥ የተገኘበት ጊዜ አለ፤ ይህም በአብዛኛው በጠና በታመሙት ላይ የታየ ነው። ይሁን እንጂ የዘር ቅንጣት መገኘትና ሌላውን ሰው ሊያሲዝ የሚችል ሕያው ቫይረስ መገኘት አንድ አይደሉም፤ የተቀደደ ደብዳቤ ቁራጭ መልእክቱን እንደማያደርስ ማለት ነው። በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ከረጢት ደም በወረርሽኙ ዓመታት ለሕሙማን ቢሰጥም፣ በዚህ መንገድ ኮቪድ-19 መተላለፉ በማስረጃ የተረጋገጠ አልተገኘም።

ለጋሹንም ብንመለከት መርፌው አዲስ፣ ከጀርም የጸዳና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው። ፈሳሽ የሚፈስሰው ግፊቱ ከበዛበት ወደ አነሰበት ነው። ክንድ ሲታሰር በደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ከረጢቱም ከክንዱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ስለሆነም ደሙ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል እንጂ ከከረጢቱ ወደ ሰውነት የሚመለስ ነገር የለም። 450 ሚሊ ሊትር ያህሉ ደም በአሥር ደቂቃ አካባቢ ይሞላል።

እንግዲያስ ስጋቱ ከወዴት ነው?

ስጋቱ ከመርፌው ሳይሆን ከወረፋው ነው። ሰው ሲናገር፣ ሲያስልና ሲተነፍስ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ጠብታዎች ከአፉና ከአፍንጫው ይወጣሉ። አንዲት ትንሽ ጠብታ በረጋ አየር ውስጥ የምትወድቅበት ፍጥነት ከዲያሜትሯ ስኩዌር ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን የስቶክስ ሕግ ያስተምረናል። ይኸውም ዲያሜትሯ በአሥር እጥፍ ሲያንስ ፍጥነቷ በመቶ እጥፍ ይቀንሳል ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ የተነሣች የ100 ማይክሮ ሜትር ጠብታ በ5 ወይም በ6 ሰከንድ መሬት ትደርሳለች። የ10 ማይክሮ ሜትሯ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። የ1 ማይክሮ ሜትሯ ደግሞ አየሩ ፍጹም የረጋ ቢሆን 14 ሰዓት ያህል ትንሳፈፋለች። ቫይረሱ ራሱ 0.1 ማይክሮ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚህች ትንሽ ጠብታ ውስጥም ስፍራ አያጣም። ርቀትን መጠበቅ ከትልልቆቹ ጠብታዎች ያድናል፤ ለትንንሾቹ ግን ጭምብልና የአየር ዝውውር ያስፈልጋል።

የአየር ዝውውር ጥቅም በስሌት ሲታይ እንዲህ ነው። በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ አየሩ በሚቀየርበት ክፍል ውስጥ የተንሳፈፉ ቅንጣቶች ከግማሽ ሰዓት በኋላ 61 በመቶው በዚያው ይገኛሉ። መስኮቶች ተከፍተው አየሩ በሰዓት ስድስት ጊዜ ቢቀየር ግን በዚያው ግማሽ ሰዓት የሚቀረው 5 በመቶ ብቻ ነው። በታክሲና በአውቶቡስ «ብርድ ይመታኛል» እያልን የምንዘጋው መስኮት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል። ግራና ቀኙ የተከፈተ ድንኳን ከተዘጋ የመማሪያ ክፍል እጅግ የተሻለ ነው።

ሰውነት ይዳከማልን?

«ደም ከሰጠሁ በሽታ የመከላከል አቅሜ ይወርዳል» የሚለው ስጋትም ተደጋግሞ ይሰማል። አንድ አዋቂ ሰው እንደ ክብደቱ ከ3.5 እስከ 5 ሊትር የሚሆን ደም አለው። የሚለግሰውም ከዚህ ውስጥ ከ9 እስከ 13 በመቶውን ነው። የፈሳሹ ክፍል በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተካል። በሽታን የሚከላከሉት ሊምፎሳይት የተባሉ ሕዋሳት በአብዛኛው የሚገኙት በሊምፍ ዕጢዎች፣ በጣፊያና በሌሎች የአካል ክፍሎች ነው፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ከጠቅላላው 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጤናማ ሰው ደም በመለገሱ ለኮቪድ-19 ይበልጥ የተጋለጠ አይሆንም። ቀይ ሕዋሳትን መልሶ ለማምረት ግን ሳምንታትና በቂ ብረት ያስፈልጋሉ። በሁለት ልገሳዎች መካከል የሦስት ወር ዕረፍት የሚሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሲባል ግን ሁሉም ሰው ይለግስ ማለት አይደለም። ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት፣ ከታመመ ሰው ጋር በቅርብ የቆየ፣ በቤቱ ሊቆይ ይገባል። ከኮቪድ-19 ያገገመ ሰው በአገሩ መመሪያ የተወሰነውን ጊዜ ታግሦ ይለግሳል። ከልገሳ በኋላ በነበሩት ቀናት የሕመም ምልክት ያየ ለጋሽም ለደም ባንኩ ማስታወቅ ግዴታው ነው።

ተማሪዋ ከጠየቀችኝ በሦስተኛው ቀን ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል፤ ነፋሱ ከአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ተማሪዋ እጅ ማጽጃ ይዛ ተራ ታስከብር ነበር። ለካስ ከኔ ቀድማ ልትለግስ ሄዳ፣ ክብደቷ ለለጋሽ ከተወሰነው 45 ኪሎ ግራም በሁለት ኪሎ አንሶ ተገኝቶ፣ «ከሆነስ እዚሁ አግዛለሁ» ብላ ቀርታለች። ስታየኝ ምንም አላለችም፤ በእጇ የተራዬን ወንበር አሳየችኝ።

ከዘጠኝ ደቂቃ በኋላ ከረጢቱ ሞላ። ለስላሳ መጠጥና ብስኩት ተሰጥቶኝ ጥቂት አረፍኩና ወደ ክፍል ተመለስኩ። ስለ ጠብታዎቹ የሠራሁትን ስሌት ከወራት በፊትም አውቀው ነበር። ማወቄ ግን ከድንኳኑ በር አላሻገረኝም ነበር። ውድ ተማሪዎች፣ ስጋታችሁን አትናቁት፤ ለክታችሁ እዩት። ከለካችሁትም በኋላ ተራችሁን ያዙ።