በሰንጠረዥ ጨዋታ ሕፃናትን አስቦ መሥራትን ስለ ማስተማር

ሕፃን እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል። ጥያቄው ተነግሮ ሳያበቃ ይመልሳል፤ ያማረውንም ነገር እንዳየ ሊይዘው ይሮጣል። ይህ የሕፃንነት ጠባይ ነውና እንደ ጥፋት አይቈጠርበትም። ነገር ግን ነገ እርሻውን የሚያርስ፣ ቤቱን የሚያስተዳድር፣ በሸንጎም ተቀምጦ ነገር የሚሰማ ሰው መሆኑ አይቀርምና «ይህን ባደርግ ምን ይከተላል?» ብሎ መጠየቅን ከልጅነቱ መልመድ ይገባዋል። ይህን ልማድ በምክር ብቻ ለማስተማር ቢሞከር ሕፃኑ ቃሉን ይይዛል እንጂ ሥራውን አይለምድም። በጨዋታ ሲሆን ግን ሳያስብ ያደረገው ነገር ወዲያው ጉዳቱ ይታየዋል፤ ጉዳቱም ከአንዲት ጠጠር አያልፍም። ለዚህ ከሚረዱት ጨዋታዎች አንዱ ሰንጠረዥ ነው።

ሰንጠረዥ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ጨዋታው ከሕንድ አገር ተነሥቶ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስም ወደ ዐረቦች ተላልፏል፤ ስሙም ከዐረብኛ የመጣ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1508 እስከ 1540 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋራ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበረ በዘመናቸው ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም የትግራይ ገዥ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ይወዱ እንደ ነበረ እንግሊዛውያን መንገደኞች መስክረዋል። በቀድሞው የአገራችን አጨዋወት የጨዋታው መጀመሪያ ወረራ ይባል ነበር። በወረራ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ምርኮ ሲያዝ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ሰልፍ ሲያዘጋጅ ዓይኑን ከባላጋራው ሰልፍ ላይ አያነሣም ነበር። ዛሬ በትምህርት ቤት የሚሰጠው በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ደንብ ቢሆንም የትምህርቱ ሥር ይኸው ነው፤ የራስን አሳብ ከሌላው ሰው አሳብ ጋራ አስተያይቶ መሥራት።

«ልጆቻችንን ወደ ትምህርት ቤት የላክናቸው እንዲማሩ እንጂ እንዲጫወቱ አይደለም» የሚሉ ሽማግሌዎች ቢኖሩ ነገራቸው ተገቢ ነውና እውነተኛ መልስ ይገባቸዋል። የአርመን መንግሥት በ2011 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ሰንጠረዥን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ግዴታ አድርጎታል። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ አገር 100 ትምህርት ቤቶች ገብተውበት በተደረገና በ2016 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ውጤቱ በወጣ ምርመራ፣ አንድ ዓመት ሰንጠረዥ የተማሩት ልጆች ትምህርቱ ካበቃ ከዓመት በኋላ በሒሳብ ሲፈተኑ ካልተማሩት ብልጫ አላሳዩም። ስለዚህ ሰንጠረዥ የተጫወተ ልጅ ሁሉ በሒሳብ ይበረታል ብሎ ለወላጅ ተስፋ መስጠት አይገባም። የንባብና የሒሳብ ሰዓትም ለጨዋታ ተቀንሶ አይሰጥ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ትምህርት ካበቃ በኋላ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከዚህም ጊዜ ጥቅም የሚገኘው ልጆቹ ጠጠር ስላንቀሳቀሱ ሳይሆን አስተማሪው የሚያስቡትን በቃል እንዲናገሩ ስላደረጋቸው ነው።

ለመሣሪያው ገንዘብ አያስፈልግም። በመሬት ላይ ወይም በካርቶን 8 ረድፍ በ8 ረድፍ ተሠምሮ 64 ቤት ይደረግና አንዱ ቤት እየታለፈ ሌላው በከሰል ይጠቍራል። ይህ ራሱ ለታናናሾቹ የቍጥር ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ወር ሠራዊቱን ሁሉ ማሳየት አይገባም፤ ብዙ ደንብ በአንድ ጊዜ የተነገረው ልጅ ደንቡን ሲያስታውስ ማሰቡን ይተዋልና። ለአንዱ ወገን 8 የበቆሎ ፍሬ፣ ለሌላው 8 የባቄላ ፍሬ ወታደር ተደርገው በየሁለተኛው ረድፍ ይሰለፉ። ወታደር ወደ ፊት አንድ ቤት ይሄዳል፤ ከመነሻው ሁለት ቤት መሄድም ይችላል፤ የሚማርከው ግን ወደ ፊት በሰያፍ ያለውን ነው። አንድ ወታደሩን ቀድሞ እስከ መጨረሻው ረድፍ ያደረሰ አሸናፊ ነው። ልጆቹ ይህን ሲለምዱ ንጉሡ፣ ከዚያም ግንቡ፣ በመጨረሻም የቀሩት አንድ በአንድ ይጨመሩ።

በዚህ ትንሽ ጨዋታ ውስጥ ምን ያህል ትምህርት እንዳለ አንድ ምሳሌ ያስረዳል። የአንድ ልጅ ወታደር ሊያልፍ ተቃርቧል፤ ነገር ግን አንድ ቤት ቢራመድ በጎን ረድፍ ቆሞ የሚጠብቀው የባላጋራ ወታደር በሰያፍ ይማርከዋል። የቸኰለው ልጅ ይራመድና ይማረካል። የታገሠው ልጅ ግን በመጀመሪያ ሁለተኛ ወታደሩን አምጥቶ ከፊተኛው ጎን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ፊተኛውን ያራምዳል። ባላጋራው ቢማርከው ሁለተኛው ደሙን ይመልሳል፤ መንገዱም ይከፈትለታል። አስተማሪው ይህን ራሱ አስቀድሞ አይናገር፤ ሁለቱንም መንገድ በገበታው ላይ አስጫውቶ ልዩነቱን ልጆቹ እንዲናገሩት ያድርግ።

እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ። አንደኛ፣ ባላጋራዬ አሁን የሄደው ምን ፈልጎ ነው? ሁለተኛ፣ ከእኔ ወገን ጠባቂ የሌለው የትኛው ነው? ሦስተኛ፣ ይህን ባደርግ እርሱ ምን ይመልሳል? ጠጠሩን የነካ ልጅ ያንኑ እንዲያንቀሳቅስ ደንብ ይሁን፤ እጅን ከሐሳብ በኋላ ማዘዝ የሚለመደው በዚህ ነውና። ልጆች ብዙ፣ ገበታም ጥቂት ቢሆን በአንድ ገበታ አራት ይቀመጡ፤ ሁለት ሁለቱ ተማክረው አንድ ወገን ይምሩ። ሲመካከሩ ምክንያታቸውን ስለሚናገሩ አስተማሪው የአሳባቸውን መንገድ ይሰማል። ወንዶችና ሴቶች ልጆችም በእኩልነት ይማሩት።

ጨዋታው ሲያበቃ «ማን አሸነፈ?» ተብሎ ብቻ አይታለፍ፤ «ነገሩ የተለወጠው የት ላይ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ እንጂ። አስቀድሞ የሚናገረው የተሸነፈው ይሁን። ስሕተቱን ራሱ ያገኘ ልጅ ይመስገን፤ አሸናፊው እንዲያላግጥበት ግን አይፈቀድ። የሚሳቅበት ልጅ ወይ ጨዋታውን ይጠላል ወይም ስሕተቱን መደበቅ ይማራልና። ገንዘብም ሆነ ሌላ ነገር በጨዋታው ላይ አይወራረዱ።

አስተማሪው እነዚያኑ ጥያቄዎች ከገበታው አውጥቶ ወደ ሌላው ሥራ ያሻግራቸው። ልጁ ሒሳቡን ከመሥራቱ በፊት መልሱ ስንት አካባቢ እንደሚሆን ይገምት፤ በትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታም ዘር ከመዝራቱ በፊት ውኃው ከየት እንደሚመጣና አጥሩን ማን እንደሚጠብቅ ይናገር። በመንደሩ ገበጣ የሚያውቁ ሽማግሌ ቢኖሩም ይጋበዙ፤ በገበጣም ጠጠር ከመነሣቱ በፊት የመጨረሻዋ የት እንደምትወድቅ መቍጠር ያስፈልጋልና። እንዲህ ሆኖ ሲሠራበት ሽማግሌው ባለፈበት ጊዜ የሚያየው ሥራ ፈትተው የሚጫወቱ ልጆችን ሳይሆን፣ ከመናገራቸው በፊት የሚያስቡ፣ የተሳሳቱበትንም ሳያፍሩ የሚናገሩ ልጆችን ይሆናል።